የጥቅምት ዶቅማ

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ውድነሽ አሰላ ውስጥ ከአልጋ መነሳት ያቃታትን እናቷን ታስታምም ነበር። አንድ ጠዋት ፊቷን ልታጥባት ብትቀርብ፣ የእናቷ ከንፈር ዶቅማ እንደበላ ሰው ከንፈር ጠቁሯል። የዶቅማ ወቅት ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ ዛፉም ያለው ከከተማው ርቆ ወንዝ ዳር ነው።

ቀን ቀን እናቷን የምትጠብቅላትን ጎረቤቷን አስያን ጠየቀቻት።

«እኔ አላበላኋትም፤ ከየት አምጥቼ?» አለች አስያ።

ውድነሽ ያን ቀን ሙሉ መቀመጫ አጣች፤ ትነሳለች፣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ሲመሽ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከእናቷ አጠገብ ተኛች። ሲነጋ በሩ እንደተቆለፈ ነበር። የእናቷ ከንፈር ግን ከትናንቱ ብሶ ጠቁሯል።

«እማዬ፣ ማነው ያበላሽ?»

«አባትሽ ነዋ።»

«አባባ እኮ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ ረጋ ብላ። «እሷንም አቅምሳት አልኩት። እንዳትነቂ ብሎ ቀስ አድርጎ ነው ያጎረሰሽ።»

ውድነሽ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ ከምላሷ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ተሰማት። መዳፏ ላይ ተፋችው። የዶቅማ ፍሬ ነበር።