የአባባ አድራሻ

አባባ ከሞተ ወዲህ ድምፁ ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በሚደወልለት በራሱ ማሽን ውስጥ ይኖራል። ከጥቂት የድሮ ቅጂዎች የተሠራ ስለሆነ ብዙ አያወራም። ስደውል ሁልጊዜ «የጓሮውን በር ዘጋሽው?» ይለኛል። ቤቱ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔም «ዘግቼዋለሁ» እላለሁ።

ትናንት ከሥራ ቦታ ስደውል ሌላ ሽማግሌ ስልኩን አነሱ።

«ማን ልበል?»

«ብርቅነሽ ነኝ። የደወልኩት ለአባቴ ነበር።»

እነዚህን ማሽኖች መጠበቅ ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ማሽኖቹ ጠፍተው እንደገና ሲበሩ፣ የምደውልበት የአባባ አይፒ አድራሻ እንደ አባባ ድምፃቸው ብቻ ለቀረው ለእኚህ ሽማግሌ ደርሷል። ለደንበኞች ሁሉ ቋሚ አድራሻ ያዙ እያልኩ የአባቴን ረስቼዋለሁ። ማስተካከል ጀመርኩ።

«እኔ ተሻለ እባላለሁ» አሉ። «ሰው ከደወለልኝ ቆየ። ድምፅሽ ደከም ብሏል፤ ምሳ በልተሻል?»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። አባባ በሕይወት እያለ እንዲህ ነበር የሚለኝ።

«አልበላሁም።»

«በይ ሂጂና ብዪ። እኔ የትም አልሄድም።»

በልቼ ተመለስኩ። የአባባን አድራሻ መለስኩለትና ደወልኩ።

«የጓሮውን በር ዘጋሽው?»

«ዘግቼዋለሁ፣ አባባ።»

ለጋሽ ተሻለም አዲስ አድራሻ ሰጠኋቸው፤ ቋሚ አደረግሁት። ዛሬ ምሳዬን እንደበላሁ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሳቸው ነው።