አረንጓዴዋ ነጥብ ሳትጠፋ

"እትዬ፣ አለቃችንን ልጥራት! ፎቶ ገና አላነሳሁም፣ የማይክሮስኮፑን መብራት ዝጊልኝ አደራ!" ብላ ትንሿ ተመራማሪ በሩን እንኳ ሳትመልስ በረረች። ትልቋ ተመራማሪ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋች ቀረች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነበር፣ ግን አልጫነችውም። የህዋሱ አስኳል ጨለማው ውስጥ እንደ ትሪ ክብ ብሎ ይታይ ነበር፤ አረንጓዴዋ ነጥብ፣ በቀለም የምታበራው ያቺ ጂን (ዘረ መል)፣ መሃሉ ላይ ጉብ ብላለች። ጠርዝ ላይ አጣብቆ ዝም ያሰኛትን ፕሮቲን ልጅቷ ብታስወግደው፣ ጂኗ ወደ መሃል ገብታ ሥራ ጀምራለች። ትልቋ ዕድሜዋን የፈጀችበትን ነገር፣ ትናንት የመጣች ልጅ! ቅናት ያዛት።

መብራቱ በርቶ በቆየ ቁጥር ነጥቧን የሚያበራው ቀለም ይሞታል፤ ይህን ለልጅቷ ያስተማረቻት ራሷ ናት። እንዲህ ያለ ህዋስ ያረፈበት ሌላ ስላይድ ደግሞ የለም። ነጥቧ መፍዘዝ ጀመረች። "ዓይን በላት ማለት ይሄ ነው" ብላ በሆዷ ሳቀች፣ ጣቷ ግን አሁንም አልተነቃነቀም።

ኮሪደሩ ላይ ጫማ ተንኳኳ። "ዘጋሽው አይደል እትዬ?"

"ኧረ ድሮ!" አለች ትልቋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

"ለመሆኑ ስላይዱን ለማን ትተሽ ነው የሮጥሽው?" አለች አለቃቸው።

"ለእትዬ ነዋ! ለሌላ ሰው ቢሆን ትቼው እሮጣለሁ እንዴ?"

ያኔ የትልቋ ጣት ማጥፊያውን ጫነ። የተረፈችው ብርሃን ለአንድ ፎቶ ትበቃ ይሆናል፣ ላትበቃም ትችላለች። ሁለቱ እየሳቁ በሩ ላይ ደረሱ። እናንተ በትልቋ ቦታ ብትሆኑ ከወንበሩ ስትነሱ ምን ትሏቸው ነበር?