ለእኔ የደረሰኝ ሳጥን

የኋላ ዲፈረንሻሉን የመጨረሻ ቡሎን ስፈታው ዘይቱ ቱታዬ ላይ ተዘረገፈ። ዘይት አይባልም እንጂ፤ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ጥቁር ጭቃ ነው። ከጭነት መኪናው ሥር ተስቤ ወጣሁና ለታናሽ ወንድሜ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። ሦስት የተሰበሩ የብረት ጥርሶች ይዣለሁ።

«ስንት ጊዜ ነው እየጮኸ የነዳኸው?»

«ሁለት ወር ቢሆነው ነው። መጀመሪያ ያፏጭ ነበር፣ ቀጥሎ ማቃሰት ጀመረ። ትናንት ዳገቱ ላይ ደግሞ አገሳ።»

«አንተስ ምን አደረግክ?»

«ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።»

ጥርሶቹን እግሩ ሥር ወረወርኳቸው።

ይህ ጣጣ ዛሬ አልመጣም። አባታችን ከአራት ዓመት በፊት ሲሞት ሁለት አንድ ዓይነት የጭነት መኪናዎች ትቶልን ነበር። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞር አንድ ያልተነካ የዲፈረንሻል ጥርስም ነበረው፤ ትልቁ ክብ ኮሮናና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን፣ በአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በየጎድጓዳቸው ተኝተው። ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ እርስ በርስ ተፋጭተው የተስማሙ ናቸው። ለዚህም ነው ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር የተቀረጸው፤ 417። አንዱ ያለ ሌላው ተራ ብረት ነው።

ወንድሞቼ ግን በውርሱ ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። አጎታችን «እኩል ይሁን» አለና መኪናውን አንድ አንድ አደላቸው። ሳጥኑ ጋ ሲደርስም ኮሮናውን ለታላቁ፣ ፒኞኑን ለታናሹ ሰጠ።

«እነዚህ አይለያዩም!» ብዬ ጮህኩ። ከአባቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት መኪና ሥር የተጋደምኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ መሪ ነው የሚያውቁት። አጎቴ ሳቀና ባዶውን ሳጥን ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ ደግሞ ይሄን ውሰጂ፤ ለልብስ ይሆንሻል።»

ልብስ አላስቀመጥኩበትም። መፍቻዎቼን ነው የማስቀምጥበት።

ዘንድሮ የመኪናው ፒኞን ሲያልቅ ታናሼ ያን አዲሱን ግጠሚልኝ ብሎ ቢመጣ እምቢ አልኩት። አልሰሜን ግባ በለው ነውና፣ ሌላ ጋራዥ ወስዶ ከአሮጌው ኮሮና ጋር አስገጠመው። የተሰባበረው ያ ኮሮና ነው።

«እትዬ፣ ሰኞ ጭነት አለብኝ» አለኝ አሁን። «ካልቀረብኩ ሥራውን ለሌላ ነው የሚሰጡት። የልጆቼ ጉሮሮ እኮ ነው።»

«ታዲያ ያነቅከው አንተ አይደለህ?»

ፒኞኑን ፈትቼ አወጣሁና በጨርቅ ጠርጌ ብርሃን ላይ አገላበጥኩት። ጥርሱ በአንድ በኩል ተፍቋል እንጂ አልተሰበረም። የዚህ መኪና ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለው አንድ መንገድ ነው። የእውነተኛ ጓደኛው ጥርስ ካልተነካ፣ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ። ታላቃችን ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮሮናውን ይዘህ ና።»

«ለእሱ?»

«ለእኔ።»

ስልኩን ዘጋብኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ታናሹን ሰላም አላለውም። ታናሹም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእኔ ሞኝ ልብ በደስታ ዘለለች። ጆንያውን ተቀብዬ ገለጥኩት።

ኮሮናው ተበልቷል። የጥርሶቹ ጠርዝ አንድ በአንድ ተላልጦ፣ ደህና ሆኖ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

«አንተም?» አልኩት።

«አዲስ ነው ብዬ ነዋ!» መሬት መሬት ያያል። «ከአሮጌው ፒኞን ጋር አስገጠምኩት። መኪናዬ ከቆመች ሦስት ወሯ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይሄ እንዲስቅብኝ?» በአገጩ ወደ ታናሹ ጠቆመ።

«እኔ የምስቅበት አፍ አለኝ?» አለ ታናሼ ዞሮ። «ያኔ አብሮ ይቀመጥ ብትል ኖሮ...»

«ድርሻዬ፣ ድርሻዬ እያለ ሲያለቅስ የነበረው ማነው?»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዝም በሉ ሁለታችሁም!» መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፈው ሁለቱም ደነገጡ። «ያዙ!»

ታላቁን ኮሮናውን አስያዝኩት፣ ታናሹን ፒኞኑን። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ አብረው ነክተው አያውቁም። ጥርስ ከጥርስ አገጣጠምኩላቸውና «አዙር» አልኩት ታላቁን። ተንቋቋ። ደግሞ አዞረው፤ ባሰበት።

«ዘይት ይነካው» አለ ታናሹ በቀስታ።

ዘይት አፈሰስኩበት። በጣታቸው መሃል እየተንጠባጠበ አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት። ያው ነው። እያንዳንዱ የራሱ ካልሆነ ጋር ሲፋጭ ኖሮ፣ አሁን 417 ከ417 ጋር አይተዋወቅም። ሰኞ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም። የአባቴ ሁለት መኪናዎች ከእንግዲህ ተመዝነው የሚሸጡ ብረቶች ናቸው።

በአጎቴ ተናደድኩ፤ በእነሱ ተናደድኩ። ያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጮኼ፣ ሳጥኔን ተሸክሜ በወጣሁት በራሴም ተናደድኩ። መፍቻዎቼን ከሳጥኑ መሬት ላይ ገለበጥኩና ኮሮናውንና ፒኞኑን ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ትልቁን በትልቁ ጎድጓዳ፣ ትንሹን በትንሹ አስገባሁ። ዛሬም ልካቸው ነው። ክዳኑን ዘጋሁና ሳጥኑን በመሃላቸው አኖርኩት።

«በሉ፣ አሁን ተካፈሉ።»

ማንም አልነካውም። አራት እጆች፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ዘይት እየተንጠባጠበባቸው፣ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።