የጤናዬ ዓይን መሸፈኛ

ዓመቱን ልስት እችላለሁ፤ ስልሳ አራት ይመስለኛል። የቀረውን ያኔ እንደሰማሁት ነው የምጽፈው።

ሰርኬ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረዋት ያሉት አማቷ እማማ ወለተጻድቅና ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ ጤናዬ ናቸው። የልጅቱ ግራ ዓይን ወደ አፍንጫዋ ያዘነብላል። ሰፈሩ «ሸውራራዋ» ይላታል።

ሰርኬና አማቷ ሆስፒታል ወሰዷት፤ እዚያ ፈረንጅ ሐኪም መረመራት። «ዓይን ካልሠራ ማየት ይረሳል» ብላ ነርሷ አስተረጎመች። «ሰባት ዓመት ካለፋት በኋላ አይመለስም።» ከዚያ ዓይን ተሸፍኖ እንደሚታከም ነግራ አሸፋፈኑን አስረዳች። የሰርኬ ልብ ግን «አይመለስም» ላይ ቀርቶ ነበር። እማማ ወለተጻድቅ ነርሷን ሁለቴ ሲያስደግሟት፣ ሰርኬ የእርጅና ነገር ብላ ተበሳጨች።

በማግስቱ ጥቁር ጨርቅ ሰፍታ የታመመውን ዓይን ሸፈነች። ቁስል እንኳ ከሰው ዓይን ተጋርዶ አይደል የሚድነው?

«ልጄ፣ ይኼ ነገር...» አሉ እማማ።

«የእርስዎን ጠበል ስንት ወር አየነው! አሁን እንኳ ይተዉኝ።»



ሰርኬ መርካቶ በርበሬ ስትቸረችር ውላ ማታ ስትመለስ ጨርቁ በቦታው አለ። ቋጠሮው ግን የሷ አይደለም።

«ማነው የፈታው?»

«አያቴ።»

«ምን ሊያደርጉሽ?»

«አትናገሪ ተብያለሁ» አለች ጤናዬ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ለቀጠሮው ሲሄዱ ሰው እንዳያይባት ፌርማታው ሳይደርሱ ጨርቁን ፈታችላት። ሐኪሙ አይቶ «በርትቷል፤ ቀጥሉ» አለ።

እየተፈታ እንዲህ ከበረታ፣ ባይፈታማ የት በደረሰ! በዚያው ሳምንት አማቷን ወሊሶ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሸኘቻቸው።

«የልጄን ዓይን ሲያጠፉ ቆሜ አላይም።»

«ሰርኬ፣ አንዴ ብቻ ስሚኝ...»

አውቶቡሱ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ጤናዬ ጎረቤት ትውላለች። ጠዋት የታሰረው ቋጠሮ ማታም ያው ነው። የሰርኬ ልብ አረፈ።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ዓመቱ ሞልቶ ለቀጠሮ በሄዱበት ቀን ነው። ጤናዬ ሰባት ሞልቷታል። ሐኪሙ መረመራት፤ መብራቱን አጠፋ፤ «መልሶ ደክሟል» አለ።

«ቤት እንደምታስሪላት አድርገሽ እስቲ እሰሪላት» አለች ነርሷ።

ሰርኬ አሰረች።

«ደህናውን ዓይን ነበር ሸፍኚ ያልንሽ» አለች ነርሷ። «ያን ጊዜ፣ በሦስት ወሩ ሲበረታ፣ በትክክል ያሰረላት ማን ነው?»