የአቶ ዘመድኩን ቼሎ ከሳሽ

አቶ ዘመድኩን ቼሎአቸውን ይዘው ቡታጅራ የገቡ ቀን፣ ባጃጅ ላይ የነበሩ ሦስት ሴቶች ወርደው ለቼሎዋ ሣጥን ቦታ ለቀቁለት። ሆዱን አይተው ነፍሰ ጡር መስሏቸው ነው።

ቼሎ የቫዮሊን አያት ናት። ከመወፈሯ የተነሣ ትከሻ አይችላትም፤ ጉልበት መሃል አስቀምጠው በደጋን ይገዘግዟታል። አቶ ዘመድኩን አዲስ አበባ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲገዘግዟት ኖረዋል። ዜማ ደርሰዋል። ኦርኬስትራም መርተዋል፤ እጃቸውን ሲያወናጭፉ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጉንፋን ይይዘው ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ከሰይዶ ወፍጮ ቤት ጎን ያለችውን ቤት ተከራዩ።

ተማሪ የተገኘላቸው አንድ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ያመጣቸው ባለባጃጅ፣ ሙባሪክ።

የሙባሪክ እጅ ተአምር ነበር። ችግሩ እጁ ያለው ሙባሪክ ላይ መሆኑ ነው። ሰኞ መጥቶ ዜማውን ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ረቡዕ «ጎማ ተነፈሰብኝ» ይላል፣ ዓርብ «ኢንሻአላህ ነገ» ይላል። ሲመለስ የያዘው ሁሉ ጠፍቶታል። እንደ አዲስ መገዝገዝ ሲጀምር የሰፈሩ ላሞች ወተት ያቆማሉ፤ ዶሮዎች የጣሉትን እንቁላል መልሰው ሊውጡ ይቃጣቸዋል።

ከሁሉ የባሰበት ሰይዶ ነበር። የሱ ወፍጮ ሲነሣ ቡኢ ድረስ ይሰማል። ቼሎዋን ለመስደብ ግን ወፍጮውን አጥፍቶ ይወጣል።

«ኧረ ያቺን ጥጃ እረዷትና እንገላገል!»

«ያንተ ወፍጮስ፣ ጋሽ ሰይዶ?» ይለዋል ሙባሪክ።

«የኔ ዱቄት ያወጣል! ያንተ ምን ያወጣል?»

አንድ ጠዋት ሙባሪክ ከስንት መቅረት በኋላ ብቅ አለና፣ «ጋሼ፣ ዛሬም አልቆይም፤ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው» አለ። አቶ ዘመድኩን አልተቆጡም። «እሺ፣ ሂድ» አሉት። ባርኔጣቸውን ደፉና እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡ።

በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሐጂ ኡበይድ ሰዉን ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። አቶ ዘመድኩን ከነቼሎአቸው ተከስሰዋል። ማን እንደከሰሳቸው ግን አልተነገረም። ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም፣ በዚያ ሰፈር የከሳሽ ስም ነገሩ እስኪያልቅ በሽማግሌ ሆድ ውስጥ ይቆያል።

«ከሳሹ እንዲህ ብሏል» አሉ ሐጂ። «ተማሪው ሰኞ መጥቶ ረቡዕ ይቀራል። ደጋኑን እንደ ባጃጅ መሪ ጨምድዶ ይይዛል። የግራ እጁ ትንሿ ጣት እንቅልፋም ናት። ስለዚህ ሰፈሩ ሰላም አጥቷል።»

«በግድግዳ ቀዳዳ ሲያይ ከርሟላ!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ወደ ሰይዶ ዞረ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለ ሰይዶ። «ግን የከሰሰውን አላህ ይስጠው!»

ማን ይመነው?

ሐጂ ፈረዱ። በመስቀል ማግስት፣ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ አገሩ ሲገባ፣ ሙባሪክ ሜዳው ላይ ይጫወታል። መምህሩ አንዲት ክር አይነኩም። ሙዚቃ ከሆነ እዚሁ ይኖራሉ። ጩኸት ከሆነ ቼሎአቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ።

ሙባሪክ ወደ መምህሩ ሮጠ። ሌላ ቼሎ ፍለጋ ቢወጣ ባጃጁ መንገድ ላይ ታረጃለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔ ምን ልጫወት? የባጃጅ ጥሩምባ?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ? ሽማግሌ ከፈረደ ፈረደ» አሉ አቶ ዘመድኩን ተክዘው። የዚያኑ ዕለት ሻንጣቸውን አወጡና፣ አንድ ሸሚዝ ሳይከቱበት በሩ ላይ ገተሩት። ሙባሪክን ሲገባም ሲወጣም ያደናቅፈው ጀመር።

ከዚያ በኋላ ባጃጇ ቆመች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቀፈች። ሙባሪክ ከቼሎዋ ጋር ውሎ ከማምሸቱ የተነሣ እግሩ ቀስት ሆነ፤ ሲራመድ በመሃሉ ፍየል ያልፋል። የሚለማመደው መምህሩ የደረሱትን «ዝናብ በቡኢ» የሚባል ዜማ ነው።

«ክርንህን ልቀቀው!» ይላሉ አቶ ዘመድኩን። «ዝናብ ነው የምታዘንበው፣ ድንጋይ አይደለም!»

ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሙባሪክ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። «ጋሽ ሰይዶ፣ ጠብቀኝ! አስለቅስሃለሁ!»

«እስከ ዛሬስ ምን ስታደርገኝ ከርመህ ነው?» ይለዋል ሰይዶ።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ጢም አለ። ሙባሪክ ቼሎዋን ጉልበቱ መሃል አስገባ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደጋኑን ሳበ።

መጀመሪያ አንዲት ጠብታ ወረደች። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። ጥላ የያዘ ሁሉ ዘረጋ። አንዲት ሴትዮ ያሰጣችውን በርበሬ ልታስገባ እየጮኸች ወደ ቤቷ በረረች። ሰማዩ ላይ ግን የመሃረብ ታህል ደመና አልነበረችም።

ሰይዶ ፊት ለፊት ቆሞ ያለቅሳል። እንባው ከፊቱ ዱቄት ጋር ተለውሶ ጉንጩ ሊጥ ሆኗል።

ዜማው ሲያልቅ ጥላ የዘረጋ ሁሉ አጠፈ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙዚቃ ነው። መምህሩ የትም አይሄዱም። ክሱ ወድቋል። ክሱ የወደቀበት ሰው ደግሞ ደንቡን ያውቃል፤ ሕዝብ ፊት ተነሥቶ የተከሳሹን ጉልበት ይስማል። በል፣ ከሳሽ፣ ተነሥ!»

ሺህ ዓይን ሰይዶ ላይ ተተከለ።

«ተነሣ እንጂ፣ ጋሽ ሰይዶ!» አለ ሙባሪክ። «እኔም ይቅር ብዬሃለሁ!»

ሰይዶ ሊጡን እየጠረገ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከተ።

አቶ ዘመድኩን ከወንበራቸው ተነሡ፣ ጎንበስ አሉ፣ የገዛ ጉልበታቸውን ሳሙ።