ጫን አድርገው

የባሏ አርባ ሲቃረብ፣ በዕለቱ የሚቀመጥ ፎቶ ፍለጋ ላፕቶፑን ከፈተችው። ጣቷ ታችፓዱን ገና ነካ ሲያደርገው ቀስቱ እየሮጠ ያላዘዘችውን ሁሉ ይከፍት ጀመር።

«ምርቃት፣ ነይ እስቲ፤ የአባትሽ ላፕቶፕ አስቸገረኝ።»

ልጇ በትከሻዋ በኩል አጎንብሳ ሴቲንጉን አየችና ግራ ገባት። «ማሚ፣ ሴንሲቲቪቲውን እኮ መጨረሻ ላይ አድርጎታል፤ ገና ሲነካ ይሠራል። ጣቱ መጫን የማይችል ሰው ነው እንደዚህ የሚያደርገው። ዳዲ መጫን ያቃተው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እናትየው ጣቷን ከታችፓዱ ላይ አነሳች። በፋሲካ ሰሞን፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው በዚሁ ሳሎን፣ ባሏ ታችፓዱን በጣቱ ጫፍ ሲዳብስ አይታ «ድመት ነው እንዴ የምታሻሸው? ጫን አድርገው እንጂ!» ብላ አሹፋበት ነበር። እሱም አብሯት ሳቀ። እጁ እየደከመ መሆኑን የነገራት በነሐሴ ነው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ «ምነው ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» ብሏቸው ነበር።

«ወደ ኖርማል ልመልሰው?» አለች ልጅቷ።

«መልሺው» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «እኔ መጫን እችላለሁ።»