ያለውን እንዳለ

ልጅቷ በልብስ ሰፊ እናቷ ሜትር ቤቱን ስትለካ ውላ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ የቤት ሥራ ነበር። አባቷ እያደነቀ ያየው ጀመር፤ ሳሎኑ ጋ ሲደርስ ግን ፈገግታው ጠፋ። ሶፋው ላይ «የአባዬ አልጋ» ተብሎ ተጽፏል።

«የኔ እናት፣ ይሄ እኮ ሶፋ ነው።»

«ቲቸር ያለውን እንዳለ ሳሉ ብላናለች። ነገ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች።»

«ገመናችንን!» አለች እናት። ባልና ሚስት ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ፕላኑ ላይ መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ከክር አይወፍርም ነበር። እናት ላጲሱን አንስታ ጽሑፉን ልታጠፋ ጎንበስ አለችና ተወችው፤ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«አንተው አጥፋው።»

እሱ ላጲሱን አልነካም። ከሶፋው ላይ ትራሱን አንስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ልጅቷም ሜትሩን ይዛ ተከተለችው።